የጎደለውን የሚቆጥር ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ የክፍላችንን ሪፖርት በጉባኤ ፊት ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። ትምህርታቸውን የፈጸሙትን ቁጥር ስናገር ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው። ስንት ሆነው እንደ ጀመሩ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። ከጀመሩት መካከል በጫት ጀምሮ ወደ ሐሺሽ የገባ አንድ ወንድም ነበረ። «ለሌሎቹ መሰናክል ይሆናል» ተባለና ስሙን ከመዝገብ የሰረዝሁት በገዛ እጄ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በዩኒቨርሲቲ የተወያየንበት አንድ ጥያቄ ነው፦ በአሜሪካ ያሉት የአደንዛዥ ዕፅ ፍርድ ቤቶች በእርግጥ ውጤታማ ናቸውን?

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 በፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ተቋቋመ። ዘመኑ ክራክ የሚባለው ኮኬይን የተስፋፋበት፣ ወህኒ ቤቶችም የተጨናነቁበት ነበር፤ የተፈታውም ሱሱን ይዞ ይወጣና ብዙ ሳይቆይ ይመለስ ነበር። ዛሬ በአገሪቱ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ፍርድ ቤቶች አሉ። ተከሳሹ ለመግባት ሲስማማ ሕክምና ይጀምራል፤ ሽንቱ በየጊዜው ይመረመራል፤ በዳኛውም ፊት እየተመላለሰ ይቀርባል። ሲበረታ ይመሰገናል፤ ሲወድቅ ይገሠጻል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀናት ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ያላነሰውን መርሐ ግብር ከፈጸመ ክሱ ይነሣለታል ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል።

ታዲያ ፍሬው በምን ይመዘናል? ቀላሉ መንገድ የተመረቁትን ብቻ ቆጥሮ መደሰት ነው። ይህ ሚዛን ግን ያታልላል፤ እስከ መጨረሻው የጸኑት ቀድሞውንም ሱሳቸው የቀለለ፣ ቤተሰብና ሥራ ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉና። እውነተኛው ምዘና የገቡትን ሁሉ፣ አቋርጠው የወጡትንም ጭምር ይቆጥርና በተለመደው ፍርድ ቤት ካለፉ መሰሎቻቸው ጋር ያነጻጽራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ 154 ምዘናዎችን የመረመረ ጥናት የአዋቂዎቹ ፍርድ ቤቶች ዳግም ወንጀል የሚፈጽሙትን በአማካይ ከ50 በመቶ ወደ 38 በመቶ የማውረድ ያህል ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ለታዳጊዎች የተቋቋሙት ግን ውጤታቸው አነስተኛ ነው። በ23 ፍርድ ቤቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ዳኛቸው በፍትሕና በአክብሮት እንደሚያያቸው የተሰማቸው ሰዎች የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አመልክቷል። ይህ ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ያስተምራል፤ ሰው የሚያውቀውና የሚጠብቀው ሲኖር ይበረታልና።

ነቀፌታውም ቸል የሚባል አይደለም። ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች ቀድሞ የኃይል ወንጀል የፈጸሙትን አይቀበሉም። ሞክረው ያልቻሉት ደግሞ አንዳንዴ መጀመሪያውኑ ባይሞክሩ ኖሮ ከሚደርስባቸው የከበደ ቅጣት ይጠብቃቸዋል። ሱስ ሕመም ነው ካልን፣ ሕመሙ ስላገረሸበት ሰውን ማሰር እንዴት ሕክምና ይሆናል? ስለዚህ እንዲህ ያለው ፍርድ ቤት ከወህኒ እንደሚሻል አምናለሁ፤ መመዘን ያለበት ግን ለወደቁት በሚያደርገው ነው።

በዚህ ሚዛን ራሳችንን ብንመዝንስ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተነገረለት እረኛ አንዱ በግ እንደ ጠፋ ያወቀው መቶውን ሁሉ ስለ ቆጠረ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ልጁን በስሙ የሚያውቅ፣ እንደ ሐኪም ቁስሉን አይቶ ቀኖና የሚሰጥ የንስሐ አባት አላት። ሥርዓቱ ሳይጎድለን የጎደለን መቁጠር ነው።

«የቀሩትስ እንዳይበከሉ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በግቢው ውስጥ ዕፅ የሚያዘዋውር ዝም አይባልም። ነገር ግን መንጋውን መጠበቅና ስም መሰረዝ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሪፖርታችን ከፈጸሙት ጎን የጀመሩትንም ቁጥር እንጻፍ። ለቀረው ለእያንዳንዱ የሚጠይቀው አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ይመደብለት። ወላጆችም የልጃችሁን ሱስ ከኀፍረት የተነሣ አትደብቁ፤ ጸሎቱና ጠበሉ ወደ ሐኪም ከመሄድ አይከለክሉምና።

ያንን ወንድም ባለፈው ሳምንት ደወልሁለት። መጀመሪያ አላነሣም፤ ሁለተኛ ስደውል አነሣ። «ስሜ ተሰርዟል አይደል?» አለኝ። መልሼ እንደ ጻፍሁት ነገርሁት። እስከ አሁን አልመጣም፤ በዚህ ዓመት ሪፖርት ግን ይቆጠራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።