የወርቅ ካርዱን ሒሳብ ማን ነው የሚከፍለው?

ሰሞኑን ፌስቡክ በከፈትኩ ቁጥር የባንክ ካርድ ማስታወቂያ ነው የሚመጣብኝ። ወርቃማ ካርድ፣ ጥቁር ካርድ፣ ፕላቲኒየም ካርድ። ሱፍ የለበሰ ወጣት ኤርፖርት ሶፋ ላይ ተደላድሎ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ከሥሩ ስለ ክብርና ስለ ልዩ መስተንግዶ የሆነ ነገር ተጽፏል። የቀድሞ ተማሪዎቼም ሼር እያደረጋችሁት ነው። ግማሻችሁ ባንክ ቤት ስለምትሠሩ አልፈርድባችሁም፤ ታርጌት አለባችሁ። እኔ ግን የማልስማማበትን ልናገር። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ያቺ ማኪያቶ ነፃ አይደለችም። ባንኩም ከኪሱ አልጋበዘም። ሒሳቧን የሚዘጋው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ ኤርፖርትን ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይቶት አያውቅም።

«አንተ የሒሳብ አስተማሪ፣ የባንክ ነገር ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ባንክ አልተማርኩም፤ ያለኝ የመምህርነት ዲፕሎማ ነው። ግን መቶኛ አስተምራለሁ። ባንክ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሲገላለጥ ደግሞ ሁሉም መቶኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ ተራ ገብታችሁ የ10,000 ብር ዕቃ ገዛችሁ እንበል። ካርዳችሁን ፖስ ማሽኑ ላይ አስነካችሁ፣ ከሒሳባችሁ 10,000 ብር ወጣ። ካርድ በተስፋፋባቸው አገሮች ነጋዴው እጅ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ 10,000 አይሞላም፤ ከላዩ ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠችውን ሦስት አካላት ይካፈሏታል። አንዱ ማሽኑን ለነጋዴው የሰጠው ባንክ ነው። ሁለተኛው መሀል ላይ ያለው መስመር ነው፤ ቪዛ፣ ማስተርካርድ፣ በእኛ አገር ባንክ ከባንክ ሲሆን ደግሞ ኢትስዊች። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ትልቁን ጉርሻ የሚወስደው፣ ካርዱን ለእናንተ የሰጣችሁ ባንክ ነው። የእሱን ድርሻ ኢንተርቼንጅ ይሉታል። እኔ «የካርድ ሰጪው ድርሻ» ብዬዋለሁ፣ እንዳንደናገር።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። በብዙ አገር የእነ ቪዛ የዋጋ ሰንጠረዥ የተሠራው ካርዱ ከፍ ባለ ቁጥር የካርድ ሰጪውም ድርሻ ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው። ተራ ካርድ ሲነካ ትንሽ፣ ፕላቲኒየም ሲነካ በዛ ያለ። ነጋዴው የትኛው ካርድ እንደሚመጣበት አይመርጥም። ባንኩ ከዚያች ልዩነት ላይ ለኤርፖርቱ ማረፊያ ይከፍላል፣ ለጉዞ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ የተረፈውን ያስቀራል። ነጋዴውስ? ነጋዴ አይደለ፣ ዋጋው ላይ ይጨምራታል። ጭማሪው በካርድ ለሚገዛው ባለ ሱፍም፣ ከመቀነቷ ፈትታ ለምትከፍለው እናትም እኩል ነው። ማኪያቶውን የጋበዘችው እሷ ናት።

ይኼ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። በአደባባይ የተፈተነ ነገር ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የዶድ ፍራንክ ሕግ ውስጥ የደርቢን ማሻሻያ የሚባል ክፍል አለ። ከዚያ በፊት በአንድ የዴቢት ካርድ ግዢ የካርድ ሰጪው ባንክ ድርሻ በአማካይ 44 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ የዶላር ሳንቲም ማለቴ ነው። ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ ባንኮች በአንድ ግዢ ከ21 ሳንቲምና ከግዢው 0.05 በመቶ እንዳያልፉ ተደረገ፤ ማጭበርበር ለሚከላከል ባንክ አንድ ሳንቲም ትጨመርለታለች። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ብዙዎቹ ትልልቅ ባንኮች በዴቢት ካርድ ላይ ይሰጡት የነበረውን ነጥብና ሽልማት ዘጉት። የነጋዴው ክፍያ ሲቀንስ «የባንኩ ስጦታ» አብሮ ጠፋ። ስጦታው ከማን ኪስ ይወጣ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ሌላውን ወገንም ልንገራችሁ፣ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ እንደዚያ ነው። ከሕጉ በኋላ አንዳንድ ባንኮች በነፃ ይከፍቱት በነበረው ተራ ሒሳብ ላይ ወርሃዊ ክፍያ ጥለዋል። ነጋዴውም የተረፈውን ኪሱ ከተተው እንጂ ዋጋ አልቀነሰም የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። ይሁን። ግን ይኼ ክርክር የሚያሳየው ባንኩ አንዱ ቀዳዳ ሲደፈንበት ወደ ሌላው እንደሚዞር ነው እንጂ ስጦታው ስጦታ እንደነበረ አይደለም።

አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ለዴቢት 0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት 0.3 በመቶ ብሎ ጣሪያ አበጀለት። ሕንዶች ይባስ ብለው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ በራሳቸው የሩፔይ ዴቢት ካርድና በዩፒአይ ነጋዴው ላይ የሚጣለውን ክፍያ ዜሮ አደረጉት። ለባንኮቹ መንግሥት ከበጀት ድጎማ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ግን ቢያንስ ማን እንደሚከፍል በአደባባይ ተነግሯል።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። ምናለሽ ተራም ሂዱ ሚሊተሪ ተራ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ ካርቶን ተለጥፎ ታገኛላችሁ። የንግድ ባንክ፣ የአዋሽ፣ የዳሸን፣ የአቢሲኒያ የሒሳብ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ከሥር የቴሌብር ቁጥር። ፖስ ማሽኑስ? ካለ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቻርጁ አልቋል። ሰዉ በሞባይል ያስተላልፋል፣ ስልኩን አዙሮ ያሳያል፣ ልጁ ሜሴጅ እስኪገባ ይጠብቃል፣ ዕቃው ይጫናል። በካርድ የሚከፍል ደንበኛ እዚያ ሠፈር ብርቅ ነው።

ለምን ቢባል፣ አላድበሰብስም፣ ከፊሉ የደረሰኝ ጉዳይ ነው። ኅዳር 2017 በደረሰኝ ቁጥጥርና በ100 ሺህ ብሩ ቅጣት ሳቢያ ብዙ የመርካቶ ሱቅ ተዘግቶ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ፈለግ የሚተው ነገር የሚያስፈራው ነጋዴ አለ። ግን የሞባይል ዝውውሩም እኮ ፈለግ ይተዋል፤ ያንን ለምን ይቀበላል? ሌላኛው ከፊል ደግሞ ስሌት ነው። ጅምላ ሻጭ ነጥሎ በመቶ ብር ላይ ሁለት ሦስት ብር የሚያተርፍበት ዕቃ አለ። ከዚያ ላይ አንድ ብር ለካርድ ቢቆረጥበት የትርፉን ሲሶ ወይም ግማሽ ሰጠ ማለት ነው። ሰባተኛ ክፍል ያልጨረሰ ነጋዴ ይቺን ስሌት ከእኔ ቀድሞ በጭንቅላቱ ይጨርሳታል።

ይኼን ባለፈው አንድ ባንክ ቤት ለሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ ያ የአሜሪካ ጣጣ ነው። የእኛ ባንክ ከነጋዴው የሚወስደው ኢምንት ነው፣ አንዳንዱንም ምንም አናስከፍልም፣ ማሽኑን ይቀበል እንጂ።»

ጥሩ። እንደዚያ ከሆነ ጥያቄዬ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ለኤርፖርት ማረፊያው የሚከፈለው ከነጋዴው ካልመጣ ከየት መጣ? ማረፊያው እንደሆነ ለባለ ካርዱ ውበት ብሎ በሩን አይከፍትም፤ በሰው ቁጥር ሒሳብ ይልካል። ተማሪዬ ትንሽ አሰበና «ከዓመታዊ ክፍያው» አለ። ዓመታዊ ክፍያው ይበቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እሱን እንኳ ፋይናንሶች ናቸው የሚያውቁት» አለኝ። ይኸው ነው እንግዲህ። ካርዱን የሚሸጠው ልጅ ካርዱ በምን እንደሚተዳደር አልተነገረውም።

እኔ ሦስት ምንጮች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ተራው ደንበኛ ነው። ደመወዝ የወጣ ቀን አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያሉትን ኤቲኤሞች እዩ። የራሱ ባንክ ማሽን «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» ሲለው የሌላውን ባንክ ይሞክራል። ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ባንኮቹን ካገናኘ ወዲህ ይኼ ይቻላል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን በሌላ ባንክ ማሽን ስታወጣ ይቆረጥብሃል። የራስህ ባንክ ማሽን ስለተበላሸ የምትቀጣው አንተ ነህ! አሁን ደግሞ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ካርዱ ሲወጣ ክፍያ፣ ሲጠፋ ክፍያ፣ ለሜሴጁ ክፍያ። እያንዳንዷ ትንሽ ናት። በሚሊዮን ደንበኛ ስትባዛ ግን ትንሽ አይደለችም። ያቺ ሰልፍ ላይ የቆመች ጥበቃ ሠራተኛ ከሳንቲሟ ስንት ሳንቲም ወደ ኤርፖርት ሶፋ እንደሄደ ማንም አይነግራትም።

ሁለተኛው ራሱ ባለ ወርቅ ካርዱ ነው። ይኼ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ዴቢት ካርድ ማለት እኮ ብድር አይደለም፤ የገዛ ገንዘብህ ነው። ወርቃማውን ለማግኘት ደግሞ በሒሳብህ ጠቀም ያለ ብር አስቀምጥ ትባላለህ። አንድ ሚሊዮን ብር አስቀመጥክ እንበል። ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ያስቀመጠው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በዓመቱ 1,070,000 ብር ሆነልህ። የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ በሆነበት ዓመት (በ2014ና በ2015 ያየነውን አስታውሱ) ያ ብር የሚገዛው ዓመት በፊት 823,000 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ወደ 177,000 ብር የሚጠጋ የመግዛት አቅም ተነነ። ባንኩ በበኩሉ ያንኑ ብር ከ7 በመቶ በላይ አበድሮታል። ንረቱ ዛሬ ከዚያ ዝቅ ብሏል፣ ስሌቱን በዛሬው ቁጥር ሥሩት፤ አቅጣጫው አይቀየርም። የመርካቶ ነጋዴ ያንን ብር ዕቃ ገዝቶበት ቢሆን ኖሮ አምስቴ ስድስቴ ባገላበጠው ነበር። እና ጓንዡ ሲሄድ ኤርፖርት ላይ የሚጠጣት ማኪያቶ በታሪክ ውዷ ማኪያቶ ናት።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪው ነው። ከሐምሌ 2016ቱ ማሻሻያ በኋላ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ማስታወቂያው በዝቷል። ካርዱን ዱባይ ላይ ስትነካ በየትኛው ምንዛሪ፣ ከምን ተጨማሪ መቶኛ ጋር እንደተሰላ የምታውቀው ቤትህ ተመልሰህ ነው። ይኼን ብዙም አልሄድበትም፣ የሚያውቁት ነጋዴዎች ከእኔ በላይ ይጽፉበታል።

የራሴንም አንድ ነገር ልበል። ደመወዜ የሚገባበት ባንክ (ስሙን አልጠራም) ካርዴ ጊዜው አልፎ ላሳድስ ስሄድ ከፍ ያለውን ዓይነት ሰጠኝ። አልጠየቅሁም። ዓመታዊ ክፍያው ከተራው እንደሚበልጥ ያወቅሁት ከተቆረጠ በኋላ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ የክፍያ ሠንጠረዡን አሳዪኝ ስላት ድረ ገጻችን ላይ አለ አለችኝ። ከፈትኩት፤ ፊደሏ ጤፍ የምታህል፣ በእንግሊዝኛ። የኤርፖርቱ ማረፊያ ግን በትልቁ፣ በአማርኛ፣ ባለ ቀለም ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ታዲያ ባንክ አይትረፍ ወይ?» ለምትሉኝ፣ ይትረፍ። ሀብታም ደንበኛም ልዩ አገልግሎት ከፈለገ ይግዛ፣ ምቀኛ አይደለሁም። ዓመታዊ ክፍያው የማረፊያውንም የኢንሹራንሱንም ወጪ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ እሱን በቁጥር አሳዩን፣ እኔም ዝም እላለሁ። የማልቀበለው ለአንዱ ስጦታ ተብሎ በሌላው ሒሳብ መመዝገቡን ነው።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለ። ክፍያን በግልጽ አሳውቁ ይላል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ባንክ የተራውንና የወርቃማውን ካርድ ክፍያ ጎን ለጎን፣ በአማርኛና ቅርንጫፉ ባለበት አካባቢ ቋንቋ፣ በሩ ላይ ይለጥፍ። ነጋዴው ፖስ ማሽን ሲረከብ በየትኛው ካርድ ስንት እንደሚቆረጥበት በወረቀት ይሰጠው። በባንኮቹ መካከል የሚከፋፈለው ድርሻ ደግሞ ይፋ ይሁን፤ ኢትስዊች የባንኮቹ የራሳቸው ነው፣ ብሔራዊ ባንክም ባለ አክሲዮን ነው፣ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ጣሪያም ይበጅለት፣ ካርዱ ወርቅም ሆነ ነሐስ አንድ ዓይነት።

አሁን ካልሆነ መቼ ይሆናል? ፓርላማው ታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። እነሱ ደግሞ በዚህ ጨዋታ የሠለጠኑ ናቸው፤ የካርድ ደረጃው፣ ነጥቡ፣ ማረፊያው አርባ ሃምሳ ዓመት የተካኑበት ነው። ካርድ ገና መሳቢያ ውስጥ ባለበት በዚህ ሰዓት ደንቡን ማበጀት ቀላል ነው። ሁሉም ሱቅ ማሽን ከተከለ፣ ሁሉም ባንክ በጀቱን በዚያ ገቢ ላይ ካቆመ በኋላ ጣሪያ ልበጅ ማለት ምን ዓይነት ጠብ እንደሚያስነሣ የአሜሪካኖቹን የፍርድ ቤት መዝገብ ማየት ነው።

ባንክ ቤት የምትሠሩ ልጆቼ፣ የእናንተ ባንክ ለአንድ የማረፊያ ጉብኝት ስንት እንደሚከፍልና ዓመታዊ ክፍያው ያንን ይሸፍን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁን አላወጣም። መርካቶ ውስጥ ፖስ ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ የሚቆረጥባችሁን መቶኛ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት፤ የባንኩን ስም ሳትጠቅሱም ይሆናል። ቁጥሮቹን ሰብስቤ በሠንጠረዥ እለጥፈዋለሁ።