የቅኝት ትምህርት ከዳርና ዳሩ ይጀምር

ቅኝቶቻችን ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አብዛኛውን ጊዜ የአምስት አምስት ኖታ ዝርዝር ናቸው፦ ትዝታ ይኸው፣ ባቲ ይኸው፣ አምባሰል ይኸው፣ አንቺ ሆዬ ይኸው። ዝርዝሩ ስህተት የለበትም፤ የቅኝቶቹን ዝምድና ግን አያሳይም። ለዚህ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በአርስጦክሴኖስ ዘመን ይራቀቁበት የነበረው ቴትራኮርድ ይሻላል ባይ ነኝ። ቴትራኮርድ ከዶ እስከ ፋ ባለው ርቀት ውስጥ የሚያርፉ አራት ድምፆች ነው። ዳርና ዳሩ አይነቃነቅም፤ የንዝረታቸው ምጣኔ 4 ለ 3 ነው። የሚለዋወጡት የመሀሎቹ ናቸው። የምዕራባውያን ሜጀር ስኬል አንዱን ቁራጭ ሁለቴ መደርደር ነው፦ ዶ ሬ ሚ ፋ፣ ቀጥሎ ሶል ላ ሲ ዶ።

«የእኛ ቅኝት ባለ አምስት ድምፅ ሆኖ ሳለ ባለ አራት ድምፅ ቁራጭ ምን ይሠራለታል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጃፓናዊው ምሁር ኮይዙሚ ፉሚዮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ለአገሩ ሙዚቃ መልሱን አግኝቶለታል፦ ዳሮቹ ይጠበቁ፣ መሀል ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ይግባ። በዚህ ዓይን ካየነው አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ ብሎ ያንኑ ከሶል ይደግማል፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ። ሜጀሩ ባቲ የአምባሰል ግልባጭ ነው፦ ዶ ሚ ፋ፣ ሶል ሲ ዶ። ከታች የነበረው ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ወጣ እንጂ ሌላ ነገር አልተነካም። ሜጀር ትዝታ ደግሞ ቁራጮቹን ያያይዛል፤ ሬ ሚ ሶል ያለቀበት ሶል የሶል ላ ዶ መነሻ ነው።

አንቺ ሆዬ አስቸጋሪ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ታችኛው ቁራጭ የአምባሰሉ ራሱ ነው፤ ከፋ በላይ ግን ሶል ፍላትና ላ ይመጣሉ፣ ሁለተኛው ማዕቀፍም ሳይሞላ ይቀራል። እኔ ይህን የመለኪያው ሽንፈት አልለውም፤ የአንቺ ሆዬ ልዩ ጣዕም የት ቦታ ላይ እንደሚፈጠር በጣት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ክራርና ማሲንቆ የፒያኖን ልኬት አይጠብቁም የሚለው ተቃውሞም ቢሆን የሚጎዳው የኖታ ዝርዝሩን ነው። ግሪኮቹ ራሳቸው በመሀል ድምፆች ትክክለኛ ቦታ ላይ አልተስማሙም ነበር፤ ዳሩ እስከጸና ድረስ መሀሉ ጥቂት ከፍ ዝቅ ቢል ቁራጩ አይፈርስም።

ስለዚህ መምህራን አምባሰልን ሲያስተምሩ መጀመሪያ ዶን፣ ፋንና ሶልን ያስቃኙ። ተማሪው ከዚያ ወደ ባቲ ለመሻገር ክራሩ ላይ የሚያከርራቸው የሬ ፍላትንና የላ ፍላትን ክሮች ብቻ ነው።