ቱቲ ደሴት፡ የወንዝ ዳር ቤት ባለቤትነት በጦርነት ማግስት

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት የካርቱም እምብርት የምትገኘው ቱቲ ደሴት ለረጅም ዘመን ከተማዋን አትክልትና ፍራፍሬ ስትመግብ የኖረች የገበሬ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ የሚሻገሩት በጀልባ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ በ2000ዎቹ ሱዳን በነዳጅ ገቢ ስትበለጽግ ግን ድልድይ ተሠራላት፤ በማዶው በሞግራን ደግሞ አልሱኑት የተሰኘ የባለጸጎች የወንዝ ዳር ከተማ ታቀደ። ድልድይ ያገኘ ደሴት መሬቱን የሚመኝ አያጣም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ያው ድልድይ ማነቆ ሆነ። ደሴቲቱን የያዘው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል መግቢያ መውጫውን ተቆጣጠረ፤ አብዛኛው ነዋሪም ተሰደደ። የሱዳን ጦር ቱቲን ያስለቀቀው መጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው።

ከካርቱም፣ ኋላም ከሲንጃ የሸሹ በርካቶች ከኢትዮጵያ በሚዋሰነው የገዳሪፍ ግዛት ተጠልለዋል። መፋዛን በመሰለ የራሃድ ወንዝ አካባቢ ለተጠለለ የካርቱም ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ የቤቱ ዋጋ ሳይሆን ማስረጃው ነው። በእንግሊዞች ዘመን በዓባይ ዳር በግል ስም የተመዘገበ መሬት በሕግ የጸና ነው። ያልተመዘገበውን ግን እንደ አውሮፓውያኑ በ1970 የወጣው ሕግ የመንግሥት አድርጎታል። በአያት ስም ተመዝግቦ ለወራሽ ያልዞረ፣ ወይም በሽማግሌ ፊት ብቻ የተሸጠ ቤትስ? ሰነዱ ከቤቱ ጋር የጠፋበት ተፈናቃይ ሲመለስ የሚጠብቀው ምናልባት የፈረሰ ግድግዳ ብቻ አይሆንም፤ ውል የያዘ ሌላ ገዢም ሊሆን ይችላል።