ከወርቁ ማግስትስ?

ወገኖች፣ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ወርቅ ካመጡልን ልጆች የስንቱን ስም ታስታውሳላችሁ? ሰለሞን ባረጋ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ፖላንድ ላይ በ5,000 ሜትር ወርቅ፣ በ2019 ዶሃ ላይ ብር፣ በ2021 ቶኪዮ ላይ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ። ግን መሀል ላይ 5 ዓመት አለ!

ኦሊምፒክ በአንድ ርቀት ከአንድ አገር ከ3 ሰው በላይ አይቀበልም። ስለዚህ የእኛ ልጅ ከወጣት ወደ አዋቂ ሲሻገር መጀመሪያ የሚጋፈጠው እዚሁ አገሩ ያሉትን የዓለም ምርጦች ነው። ክለብ፣ አሰልጣኝና ሐኪም አጥብቆ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እኛ ደግሞ ያኔ ረስተነዋል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ጭብጨባው ሲያልቅ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ (ጋዋኑንም ወዲያው ነው የሚቀበሉህ 😅)።

ዛሬ «ጀግናችን» ብላችሁ ፎቶውን የለጠፋችሁለትን ልጅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «የት ደረሰ?» ብላችሁ ፌዴሬሽኑን ጠይቁለት።