ጊታሯን አትፈግፍጓት!

የጊታር አንገት ከእንጨት ነው የሚሠራው። ሁሌ ግን አይደለም። ትራቪስ ቢን የተባለ አሜሪካዊ ከ1974 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) ካሊፎርኒያ ውስጥ አንገታቸው አሉሚኒየም የሆነ ጊታሮች ይሠራ ነበር። በ1979 ሥራው ቆመ። ጄሪ ጋርሺያ ተጫውቶባቸዋል፤ በ2024 ያረፈው ስቲቭ አልቢኒማ ከእጁ አይለያቸውም ነበር። እንግዲህ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ዕቃዎች ናቸው። እነዚህን ነው ሰው በየሳምንቱ በፖሊሽ ካላበራሁ የሚለው!

አብዛኛው ሰው «ጊታሬ ዛገ» ብሎ የሚፈገፍገው ነገር ዝገት አይደለም። ዝገት የብረት ጣጣ ነው፤ እየተፈረፈረ ይረግፍና ከሥሩ ያለውን ደግሞ ለአየር ያጋልጠዋል። አሉሚኒየም ግን አየር እንደነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ያበጃል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ከሥሩ ያለውን ይከልላል። ስትፈገፍጉት ይሄን ጋሻ ታነሱበታላችሁ፤ እሱም ከገዛ ሥጋው ቆርሶ ሌላ ይሠራል። አንገቱ ግራጫ ቢመስል ታዲያ ምን አለበት?

እውነተኛው ጠላት ላብ ነው። የላብ ጨው ሽፋኑን ነጥብ በነጥብ ይበሳዋል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ከሥሩ ጥቃቅን ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። መፍትሔው ደግሞ ርካሽ ነው፤ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ። ከቆሸሸ በጣም ጥቂት የዕቃ ሳሙና ባረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ። አለቀ።

ድስት በአመድና በሽቦ ሲፈተግ እያየን ስላደግን እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። አመድም በረኪናም ያንን ሽፋን ያጠቃሉ። የሽቦው ብናኝ ደግሞ ፒክአፑ ማግኔት ስለሆነ እዚያ ሄዶ ይለጠፋል፤ ማን ይለቅመዋል? ብርጭቆ ወረቀትማ አይነሳ። ድስት ቢሳሳ ወጡ ያው ወጥ ነው፤ አንገት ቅርጹን ካጣ ግን እጅ ያውቀዋል።

የግድ መስታወት ካልሆነ የምትሉ አላችሁ፤ ይሁንላችሁ። ፍሬቶቹ ያሉበትን እንጨት በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑ፣ ለስላሳ የብረት ፖሊሽ ተጠቀሙ፣ ጥቁሩን እድፍ በደንብ ጥረጉ፣ በመጨረሻ ስስ ሰም ቀቡት። ሰሙ ላቡን ለጥቂት ጊዜ ያርቃል፤ ሲለቅ ሰሙን ብቻ ድገሙ፣ ፖሊሹን ተዉት። አኖዳይዝ የተደረገ ወይም ቫርኒሽ ያለው አንገት ከሆነ ግን ፖሊሽ አታስጠጉት፤ አንዴ ከተላጠ ቤት ውስጥ የሚመልሰው የለም።

አሮጌ ጊታር የምትገዙ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሲያሳዩዋችሁ ቶሎ አትደነቁ። የአንገቱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣት ዳሱት። እዚህ ጎድጎድ እዚያ ጎበጥ ካለ አንዱ ሲፈገፍገው ኖሯል ማለት ነውና ዋጋ አስቀንሱ።