በ12 ዓመት የተፈረመ ውል

ጆጆ በሚል ስም የምትታወቀው አሜሪካዊት ድምፃዊት ከብላክግራውንድ ሬከርድስ ጋር ስትፈራረም ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ በቢልቦርድ የፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በ2006 ሁለተኛው አልበሟ ተከተለ። ሦስተኛው የወጣው በ2016 ነው። ልጅቷ ሰንፋ እንዳይመስላችሁ፤ ስቱዲዮ እየገባች ትቀዳ ነበር። ድርጅቱ ግን አልበሙንም አያወጣ፣ እሷንም አይለቅ። እኔን የሚያንገበግበኝ የውሉ ስሌት ነው፦ በዚህ ሙያ ውል ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በአልበም ነው፤ አልበሙን የማውጣት ሥልጣን ደግሞ የአሳታሚው ነው። እሱ ካላወጣ ውሉ ፈቀቅ አይልም፤ የዘፋኟ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ይህን «የንግድ አለመግባባት» እያሉ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ የታገተ ጉልበት ነው። በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ ድርጅቱን ከሰሰች፤ ሙግቷ በልጅነት የተፈረመ ውል ከሰባት ዓመት በላይ ሊያስር አይገባም የሚል ነበር። በ2014 ከውሉ ተለቀቀች። ያም ሆኖ የቀድሞ አልበሞቿ ቅጂዎች በእጇ አልገቡም፤ በኢንተርኔት የሙዚቃ ማዳመጫ መድረኮች ላይም አይገኙም ነበር። በ2018 መጨረሻ፣ በ28ኛው የልደት ቀኗ ሰሞን፣ ሁለቱን የልጅነት አልበሞቿን እንደ አዲስ ቀድታ በራሷ በኩል ለቀቀቻቸው።