ምስሉን ለባለቤቱ የሚመልሰው ማን ነው?

በጎንደር ከጥር 10 ቀን ከከተራ ጀምሮ፣ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ በሚወርዱበት ጊዜ፣ በሕዝቡ መካከል ካሜራ የያዙ ሰዎች በብዛት ይታያሉ። አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ቱሪስት ነው፤ ሌላው የጋዜጣ ወይም የቴሌቪዥን ሠራተኛ ነው፤ ሦስተኛው ግን የናሙና ፎቶግራፎችን በእጁ ይዞ፣ «ላንሳዎት አባባ» እያለ የሚዞር የከተማችን ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናከብራለን። ሦስተኛውን ሥነ ሥርዓት የሚያውክ ቸርቻሪ አድርገን እናየዋለን፤ ከበዓሉ ስፍራ ይወገድ የሚሉም አይታጡም። ይህ አስተያየት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ከሦስቱ መካከል ያነሳውን ምስል ለባለቤቱ የሚመልሰው ማን ነው? ቱሪስቱ ይዞት ወደ አገሩ ይሄዳል። ጋዜጠኛው ለዝግጅት ክፍሉ ያስረክባል። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ተነስቶ በደባርቅና በዳባት አድርጎ ጎንደር የገባው ገበሬ ግን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የቆመበትን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ቀዬው የሚመለሰው በዚያ በተናቀው ፎቶ አንሺ ድካም ነው። ያ ፎቶግራፍ በቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አንድ ቀንም ለቅሶ ላይ ታቅፈው የሚያለቅሱበት እሱን ነው። «ዛሬ ሁሉም ስልክ አለው» ለሚሉንም፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ምስሉ አብሮ እንደሚቀር እናስታውሳቸዋለን።

የፎቶግራፍ ጥበብ በአገራችን በመጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አንስቶ የአርመናዊው የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተሰብ የነገሥታቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አገልግሏል። ይህን ጥበብ ወደ ሠርግ ቤት፣ ወደ ምረቃ ሜዳና ወደ ጥምቀተ ባሕር ያደረሱት እየዞሩ የሚያነሱ ባለሙያዎች ናቸው። ሥራቸውም በከባድ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ገዥው የገዛ ፊቱን ያውቀዋልና፣ ካላመነበት አይከፍልም።

ይህን ስንል ጥፋታቸውን ለመሸፈን አይደለም። ሳይጠይቁ አንስተው፣ ዋጋ ሳይናገሩ አትመው፣ ኋላ «ክፈል» ብለው የሚጨቀጭቁ አሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለሚፈጸሙ ሥነ ሥርዓቶች ልዩ ሁኔታ ማስቀመጡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን የታቀፈችን እናት ሳይጠይቁ አንስቶ ገንዘብ ለመጠየቅ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። ሕግ ባይከለክል እንኳ ጨዋነት ይከለክላል።

ስለዚህ መፍትሔው ማባረር ሳይሆን ማደራጀት ነው። የባህል ጽሕፈት ቤቶች መለያ ይስጧቸው፤ ሠዓሊዎችና የሥነ ጥበብ መምህራን ስለ ብርሃንና ስለ አቋቋም ያስተምሯቸው። እነሱም አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ዋጋውን ከማንሳታቸው በፊት ይናገሩ፤ የምስሉን ቅጂ በባለ ምስሉ ፈቃድ ከቀኑና ከቦታው ጋር ያስቀምጡ። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓሉን ያቆየው ግን መዝገቡ ሳይሆን ሕዝቡ ነው። ያ ሕዝብ የገዛ ምስሉን ከሌላ አገር ኤግዚቢሽን ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊያገኘው ይገባል።